ኢንሱሊን፤ መድኃኒቱ ከዕውቀቱ የቀደመበት ታሪክ

በሰው አካል ውስጥ የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች የኬሚስትሪ ታሪክ ስንመረምር፣ አስቀድሞ ነገሩ ይታወቃል፣ ቀጥሎም ለጥቅም ይውላል ብለን እናስብ ይሆናል። የኢንሱሊን ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሐኪሞች በኢንሱሊን ሕይወት ማዳን ከጀመሩ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል እስኪያልፍ ድረስ፣ በመርፌ የሚሰጡት ነገር እንዴት እንደ ተሠራ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ዕውቀቱ ለምን እንደ ዘገየና በመጨረሻ ምን እንዳስገኘ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኝ ዕጢ ነው። በ1869 ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው፣ እንደ ደሴት ተለይተው የተቀመጡ ሴሎች አገኘ፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። በ1889 ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት ቈርጠው ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽታ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ቆሽት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቈጣጠር አንዳች ነገር እንደሚያመነጭ ይታመን ጀመር፤ ነገር ግን ያን ነገር ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ብዙዎች ሞክረው አልሆነላቸውም።

ይህን ችግር ያሸነፉት በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በ1921 ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት፣ በፕሮፌሰር ማክላውድ ላቦራቶሪ በውሾች ላይ ሙከራ አደረጉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ የሆነው ጄምስ ኮሊፕ ተጨመረላቸው። ጥር 11 ቀን 1922 ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያ መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ እምብዛም አልጠቀመውም። ጥር 23 ቀን ግን ኮሊፕ በአልኮል ያጠራው በተሰጠው ጊዜ የደሙ ስኳር ወረደ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች እንዲህ ላሉ ልጆች ማድረግ የሚችሉት ምግብ በመቀነስ ሞትን ጥቂት ማዘግየት ብቻ ነበር። ግኝቱን ያስገኙት ሰዎችም መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ለቀቁለት።

መድኃኒቱ በዚህ ሁኔታ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ ምንነቱ ገና ጥያቄ ነበር። በ1926 ጆን ኤብል በአሜሪካ ኢንሱሊንን ወደ ክሪስታል ቢለውጠውም፣ አንድ ፕሮቲን ይህን የመሰለ ኃይል ሊኖረው መቻሉን ብዙ ሊቃውንት ወዲያው አልተቀበሉም። ፕሮቲን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ቁርጥ ያለ አሠራር ይኑረው አይኑረው እንኳ ገና አከራካሪ ነበር።

ክርክሩን የቈረጠው በካምብሪጅ የነበረው ፍሬደሪክ ሳንገር ነው። ሳንገር ኢንሱሊንን የመረጠበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ለሕሙማን በብዛት ይሠራ ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ንጹሕ ሆነው በበቂ መጠን ከሚገኙት ጥቂት ፕሮቲኖች አንዱ እርሱ ነበርና። አሚኖ አሲዶች በክር ላይ እንደ ተሰካ የመቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው ፕሮቲንን ይሠራሉ። ሳንገር የክሩን መጀመሪያ ፍሬ ቢጫ በሚያደርግ ኬሚካል ምልክት አደረገበት፤ ክሩንም በአሲድና በኢንዛይም እየቈራረጠ፣ ቍርጥራጮቹን ለየ። ከዚያም የአንዱ ቍራጭ ጫፍ ከሌላው ጋር የሚደራረብበትን እየፈለገ ተራቸውን መልሶ ቀጠለ። በ1951 ከሃንስ ቱፒ ጋር 30 አሚኖ አሲድ ያለውን ክር፣ በ1953 ከኤድዋርድ ቶምሰን ጋር 21 ያለውን ጨረሰ። በ1955 ክሮቹን የሚያስተሳስሩት የድኝ ድልድዮች ታወቁ። ስለዚህ ሥራ በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ሥራ ሁለት ዐበይት ውጤቶች ተገኙ። አንደኛ፣ የአንድ ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች በዘፈቀደ የተደረደሩ ሳይሆኑ የታወቀ ተራ ያላቸው መሆናቸው ተረጋገጠ። ሁለተኛ፣ የእንስሳ ኢንሱሊን ሰውን የሚያድንበት ምክንያት ተገለጸ፤ ከ51ዱ አሚኖ አሲዶች የአሳማው ከሰው የሚለየው በአንድ፣ የከብቱ በሦስት ብቻ ነውና። በ1969 ዶሮቲ ሆጅኪን በ1935 የጀመረችውን የኤክስሬይ ጥናት ፈጽማ የኢንሱሊንን ቅርጽ አሳየች። የአሚኖ አሲዶቹ ተራ በመታወቁም፣ በ1978 የካሊፎርኒያ ሳይንቲስቶች ለዚያ ተራ የሚስማማ ዲ.ኤን.ኤ. ሠርተው በባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት የሰውን ኢንሱሊን አስመረቱ። በ1982 ይኸው ኢንሱሊን በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፤ ሕሙማንም የከብትና የአሳማ ቆሽት ከመጠበቅ ዳኑ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ለምርምሩ ንጹሕ ነገር አቀረበ፤ ምርምሩም በፈንታው ለመድኃኒቱ አዲስ ምንጭ ከፈተ። ስለዚህ የሐኪሙን ሥራ ጠቃሚ፣ የኬሚስቱን ሥራ ግን የቅንጦት አድርገን ብንለያያቸው ታሪኩ ይመሰክርብናል። ኬሚስትሪ ብቻውን የማይፈታው አንድ ጥያቄ ግን ቀርቷል። መብቱ በአንድ ዶላር ከተለቀቀ መቶ ዓመት ቢያልፍም፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሰዎች በዋጋውና በአቅርቦቱ ማነስ ምክንያት ዛሬም አያገኙትም።