የአየር ጃንጥላና የአዲስ አበባ ነፋስ

በፓራሹት ከሰማይ የሚወርድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የነፋስን ጠባይ ነው። የጥንቱ ክብ ፓራሹት ወደ ፊት የሚገሠግሥበት ኃይል አልነበረውም፤ ወራጁም በአንድ ወገን ያሉትን ገመዶች ስቦ ጥቂት ወደ ጎን ከመንሸራተት በቀር ነፋሱን ሊቃወም አይችልም ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 6 ሜትር የሚወርድ ሰው ከ600 ሜትር ከፍታ መሬት እስኪደርስ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ 500 ሜትር፣ 10 ሜትር ቢሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ስለዚህ የፓራሹት አመራር የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ከመውጣት በፊት፣ የመዝለያውን ስፍራ ከመምረጥ ነው።

በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ ሃርለም ስመ ጥር የሆነው ሁበርት ጁልያን የነፋስን ኃይል በራሱ ላይ አይቶታል። በ1916 ዓ.ም. በሃርለም ላይ በዘለለ ጊዜ ነፋሱ ካሰበው ስፍራ አርቆ ወስዶ በፖሊስ ጣቢያ ሕንጻ ላይ ጣለው። ይኸው ሰው በ1922 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጣ። አውሮፕላን በከተማይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ የሕዝቡ ዓይን ለዚህ ትርኢት ገና እንግዳ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ይሳሳል፤ ፓራሹትም ከሃርለም ይልቅ በዐሥር አንድ እጅ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። ጁልያን ግን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተቀመጡበት አጠገብ በደኅና አረፈ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው።

ይሁን እንጂ አንድ መልካም ማረፍ ዕድልን ከዕውቀት አይለይም። ሥርዓተ ንግሡ ከመድረሱ በፊት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ሰበረው፤ ከአገርም እንዲወጣ ታዘዘ። በአንዱ ጥበብ የተገኘ ክብር ለሌላው ጥበብ ዋስ ሊሆን አልቻለም።

በ1950ዎቹ ዓመታት በእስራኤል አሠልጣኞች ርዳታ የአየር ወለድ ጦር ሲቋቋም፣ የአንድ ሰው ድፍረት የነበረው ዝላይ በልምምድና በልክ የሚመራ ሙያ ሆነ። አዲስ አበባን የከበበው ምድርም የዚህን ሙያ ምሥጢር ያስረዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ወራጁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢስት እንኳ ማረፊያ አያጣም። ሰበታ ግን በወጨጫ ተራራ ግርጌ ያለች ናት፤ ቡራዩም ከከፍታዎች መካከል ናት። ነፋስ ከተራራ ላይ ሲወርድ በጀርባው በኩል ስለሚጠቀለል፣ ከላይ የተለካው ከታች አይገኝም።

የዛሬው አራት ማዕዘን ፓራሹት የራሱ ፍጥነት አለው፤ ወራጁም ወደ ምድር ሲቃረብ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያርፋል። ነገር ግን ነፋሱ ከፓራሹቱ ፍጥነት ከበለጠ፣ ወራጁ ወደ ኋላ መወሰዱ አይቀርም። መሣሪያው ይሻሻል እንጂ ፊተኛው ደንብ አልተሻረም፤ ከመዝለል በፊት ነፋሱን መመዘን፣ ከልክ ካለፈም ዝላዩን መተው የባለሙያ ክብር ነው።