የጎዳና ተዳዳሪዎች ድጋፍ የአካባቢ አስተዳደር ቁጥጥር (ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ)

የጎዳና ተዳዳሪዎች ድጋፍ የአካባቢ አስተዳደር ቁጥጥር መኖሪያ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በፌዴራልና በክልል ደረጃ የሚነደፉ ፕሮግራሞችን ቀበሌ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የከተማ አስተዳደር የሚከታተሉበት አሠራር ነው። በባሕር ዳርና እንደ ቁንዝላ ባሉ የጣና ዳርቻ ትንንሽ ከተሞች አሠራሩ በዋናነት የተመሠረተው በቀበሌ መዝገብ ላይ ነው። ዋናው ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ብዙውን ጊዜ በሚያድርበት ቀበሌ መዝገብ ላይ ስሙ የለም።

ስያሜ

በመንግሥት ሰነዶች የተለመደው ቃል «ጎዳና ተዳዳሪ» ሲሆን ጎዳና ላይ የሚያድረውንም፣ ቀን ጎዳና ላይ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባውንም ባንድነት ይጠራበታል። «የኔ ቢጤ» የሚባለው ለማኝ ግን የግድ ቤት የለውም ማለት አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ደበሎ ለብሶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ጎጆ አለው፣ መምህርም አለው። ለማኝን ሁሉ በአንድ ዓምድ የሚያሰፍር ቆጠራ ይህን ተማሪ ከጎዳና ተዳዳሪው ጋር ይደባልቀዋል።

ታሪካዊ መነሻ

ቀበሌ በመኖሪያ ቤት ጉዳይ ላይ ሥልጣን ያገኘው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ያቋቋመ ሲሆን አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን የቀበሌ ቤቶች ማስተዳደር የእነዚህ ማኅበራት ሥራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መታወቂያ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫና የድሃ ድሃ ምስክርነት የሚገኘው ከቀበሌ ሆኗል። ቤት ያለው በቤት ቁጥሩ ይታወቃል፤ ቤት የሌለው የሚታወቅበት ቁጥር አልተበጀለትም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከእነዚህ በተቃራኒ መንፈስ የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። ይህ አዋጅ መተዳደሪያው ያልታወቀና መሥራት የሚችል ሰው በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲገኝ ፖሊስ እንዲይዘው ይፈቅዳል፤ ተጠርጣሪው በዋስ የመውጣት መብትም የለውም። ስለዚህ አንድ ወጣት የድጋፍ ተጠቃሚ ይሁን ወይስ ተጠርጣሪ የሚለውን በተግባር የሚወስነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያገኘው ሠራተኛ ማንነት ነው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወይም ፖሊስ።

ብሔራዊው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ በ2007 ዓ.ም. ሲጸድቅ ድጋፍ ከበጎ አድራጊነት ወደ መንግሥት ግዴታ እንዲሸጋገር መሠረት ጣለ።

ፕሮግራሞቹ

በከተሞች ትልቁ ፕሮግራም የከተማ ምግብ ዋስትናና ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ተመድቦለት በ11 ከተሞች ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ብቻ ስለነበረች ከጣና ዳርቻ ከተሞች አንድም አልገባም። ከተጠቃሚዎቹ 84 ከመቶ ያህሉ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው መጀመሪያ ላይ በቀን 60 ብር እንዲያገኙ፣ መሥራት የማይችሉት 16 ከመቶ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጣቸው ታቅዶ ነበር። ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት፣ ማለትም ጊዜያዊ መጠለያ፣ ምግብ፣ የምክር አገልግሎት፣ የሙያ ሥልጠናና ከቤተሰብ ጋር ማቀላቀል፣ ከእነዚህ ሁለቱ ተለይቶ በወቅቱ በነበረው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ተያዘ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፋ፤ ባሕር ዳርም በዚህ ምዕራፍ ገባች። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ቁጥር 1263 ሲወጣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ዞረ። የሴፍቲኔቱ ዋና ሥራ ግን በከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ዘንድ ቀጠለ። በዚህም ምክንያት የአንድ ከተማ አስተዳደር ስለ አንድ ፕሮግራም ለሁለት መሥመር ሪፖርት ያቀርባል።

የቁጥጥሩ አሠራር

ተጠቃሚ የሚመለመለው በቀበሌ ደረጃ ነው። ከነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ እጅግ ድሃ የሚላቸውን ቤተሰቦች ይለያል፤ ቀጥሎ የቤተሰቡ ሁኔታ በመጠይቅ ተመዝኖ ዝርዝሩ ይጣራል። ቅሬታ ያለው ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ስለሚገባ ማን ስንት እንደተቀበለ መመርመር አያስቸግርም። የምክር ቤት አባላት በመስክ ጉብኝት፣ ዋና ኦዲተር በሒሳብና በክዋኔ ምርመራ ይህንን ያያሉ።

አሠራሩ ለቤተሰብ ጥሩ ነው። ኮሚቴው ጎረቤቱን ያውቃል፤ ጎረቤት የሌለውን ሰው ግን የሚጠቁምለት አይኖርም። በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ መታወቂያ ስለሌለው የባንክ ሒሳብ መክፈት ይቸግረዋል፤ ቅሬታውን የሚያቀርብበት ቀበሌም የለውም። ኦዲተር ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰው ገንዘቡን መቀበሉን ያረጋግጣል እንጂ ዝርዝሩ ላይ መኖር የነበረበትን አይፈልግም። አንድ ከተማ በኦዲት ንጹሕ ሆኖ ጎዳናው እንደነበረ ሊቀጥል የሚችለው ስለዚህ ነው።

መጠለያና ተሀድሶ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው። ድርጅቶቹ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሚመዘገቡትና ዓመታዊ ሪፖርት የሚያቀርቡት ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። ከተማው በእነሱ ላይ ያለው ጉልበት በገባው ውል ልክ ነው፤ ውሉ የሠልጣኝ ቁጥር ብቻ ከጠየቀ የሚቀርበውም የሠልጣኝ ቁጥር ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ወደ ጎዳና ተመለሰ የሚለው ጥያቄ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ማንም አይጠይቀውም።

የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሚና ከዚህ ለየት ይላል። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመውና በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 የተጠናከረው ኮሚሽን ሰዎች የተያዙበትን ቦታ ያለቅድመ ማስታወቂያ መጎብኘት ይችላል። ከተሞች ለበዓልና ለስብሰባ ጎዳና ተዳዳሪዎችን ሰብስበው ሲወስዱ ቦታው ማቆያ ነው ወይስ መጠለያ የሚለውን ለመለየት ይህ ሥልጣን ከሒሳብ ምርመራ ይልቅ ይጠቅማል። በሩ ከውጭ ከተቆለፈ ስሙ መጠለያ መሆኑ ብዙም ትርጉም የለውም።

ቁንዝላና የሐይቁ መንገድ

ቁንዝላ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በደቅ ደሴት በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሐይቅ ጀልባ ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዷ ስትሆን ወደ ባሕር ዳር ለሚፈልሰው የገጠር ወጣት መሸጋገሪያ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ የራሷ ሙሉ የከተማ አስተዳደር እንዳላት ባሕር ዳር አይደለችም፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ የሚሠራው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሆን የወረዳው ማዕከል ሊበን ነው።

ከአቸፈር ወጥቶ ባሕር ዳር ሊስትሮ የሚሠራ ወይም ሸክም የሚሸከም ልጅ በትውልድ ቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል። ወረዳው ከቤቱ እንዳለ ይቆጥረዋል፤ ባሕር ዳር ነዋሪ አይደለም ትላለች። ከቤተሰብ ጋር የማቀላቀል ሥራ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ከተማው ልጁን በደብዳቤ ያሸኛል፣ መሸኘቱንም እንደ ውጤት ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል የተቀባዩ ወረዳ ነው፤ ወረዳው ደግሞ ለዚህ የተለየ በጀት ካልተመደበለት ባለሙያው እስከ ቀበሌው የሚሄድበት ትራንስፖርት እንኳ አያገኝም። ልጁ የወጣበት ምክንያት የመሬት ጥበት ወይም የወላጅ ሞት ከሆነ ያው ምክንያት እቤት ይጠብቀዋል።

በክልሉ ቀበሌዎች የተደራጁት የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረቶች ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ። ከነዋሪው እህልና ገንዘብ አሰባስበው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት ያከፋፍላሉ፤ የተመለሰ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የሚያገኘውም ከእነሱ ሊሆን ይችላል። የጥምረቱ ገንዘብ የመንግሥት በጀት ስላልሆነ መዝገቡን የሚያየው መዋጮውን የሰጠው ሰው ነው፤ በዚህ ረገድ ከእድር ጋር ይመሳሰላል።

የቁጥርና የመታወቂያ ጉዳይ

አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ ባሕር ዳር ከተማ 155,428 ነዋሪዎች ነበሯት። ኮታና በጀት ሲደለደል የሚነሳው ከዚህ በተሰላ ትንበያ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማዋ ገብተዋል። ተፈናቃዮች ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ባጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት የራሳቸው ጥበቃ አላቸው፤ ከመጠለያ ጣቢያ ወጥቶ በረንዳ ላይ ያደረ ተፈናቃይ ግን በአንዱ ቢሮ ተፈናቃይ፣ በሌላው ጎዳና ተዳዳሪ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 «ፋይዳ» የተባለውን ቁጥር በጣት አሻራና በዓይን አይሪስ ላይ መሠረተ። ቁጥሩ የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ቢሻገርም አይለወጥም። የቀበሌ ምልመላ ግን እስካሁን የሚጀምረው ከቤት ቁጥር ነው።