«ድንጋይ»፣ «ኮረንቲ» እና «ኃይል»፦ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስያሜዎች ታሪክ

ሙያዊ ቃላትን የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከባዕድ መዝገበ ቃላት ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ገበያው ነው። በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ «ባትሪ» የእጅ መብራቱ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገባው «ድንጋይ» ይባላል። የሬዲዮ ድንጋይ የገዛ ሁሉ ራሱን ከግርጌው ለይቶ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ መደርደር እንዳለበት ያውቃል። ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች ስድስት ሆነው ሲደረደሩ 9 ቮልት ይሰጣሉ። ስለዚህ የቀጥተኛ ጅረት ፅንሰ ሐሳብ ስያሜ ሳይወጣለት፣ የመስመር መብራት ባልደረሰበት ገጠር ሁሉ በሥራ ላይ ነበር።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስታወቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሁለት ዓይነት ብረት ክቦችን በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ እያስገባ ደራረበ፤ ድርድሩ በረዘመ መጠን ቮልቴጁም ጨመረ። «ቮልት» ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። «ኮረንቲ»ም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ መሠረቱ መሮጥን፣ መፍሰስን ያመለክታል። «ጅረት» የሚለው አቻ ቃል እንግዲህ ይህንኑ ምስል በአገርኛ ቃል መልሶ ያቀረበ ነው።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር ለጎጃም ያመነጨው ተለዋዋጭ ጅረት ነበር። ሕዝቡ ግን የጅረቱን ዓይነት ሳይሆን ጥቅሙን አይቶ ነገሩን ሁሉ «መብራት» አለው፤ መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ፣ መብራት ያዘው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣንም በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ተባለ። «ኃይል» በዚህ ዓይነት በኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ላይ ሠለጠነ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅን «ከፍተኛ ኃይል» ብሎ መተርጎም በሁለት በኩል ያሳስታል። በ500 ቮልት 10 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ፣ አንድ ወጣት በጠረጴዛው ላይ የሚሠራው መሣሪያ ኃይሉ 5 ዋት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰው ሊገድል ይችላል። የመኪና ባትሪ በአንጻሩ ሞተር ለማስነሣት በመቶ የሚቆጠሩ አምፔሮችን ይሰጣል፤ ነገር ግን 12 ቮልት በመሆኑ ዋልታዎቹን በደረቅ እጅ የነካ ሰው አይነዝረውም። «ኃይሉ አነስተኛ ነው» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው እጁን ቢሰድ ተጠያቂው ተርጓሚው ነው።

«ጠፋ» የሚለው ግስም እንዲሁ መታየት አለበት። የግድግዳው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት በዳዮድ ተቃንቶ ካፓሲተር ሲሞላ 311 ቮልት ያህል ይደርሳል። መሰኪያው ሲነቀል መብራቱ ይጠፋል፤ በካፓሲተሩ ውስጥ ያለው ሙል ግን ማራገፊያ ሬዚስተር ከሌለ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ «ያደረ ሙል» የሚለውን ስያሜ አቀርባለሁ። አማርኛ ያደረ ምግብንና ያደረ ቂምን ያውቃል፤ ሁለቱም ጸጥ ብለው የሚጎዱ ናቸው። ጅረት የሚያቃናውን ክፍል «አቃኚ» ማለትም በሰዋስው ረገድ ይቻላል፤ ሆኖም ክራርንና ሬዲዮን ከሚቃኘው «ቃኚ» ጋር በጆሮ ስለሚቀራረብ፣ በጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ «ዳዮድ» ቢቀጥል ይሻላል።

ጉዳዩ ዛሬ የጠረጴዛ ብቻ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቮልቴጅ፣ ጅረትና ኃይል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «ኃይል» ለዋት ብቻ ይቀመጥ፤ «ቮልቴጅ» በውሰት ይቆይ፤ «ጅረት» በቦታው ይጽና። «ድንጋይ»ም ከመዝገበ ቃላቱ አይውጣ፤ ድርድርን ለተማሪ ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ ቃል የለንምና።