የእጅ ክር፦ በባንኮክ እንግዳ ሆኖ መኖር

ነገሩ የሆነው ጓደኛችን ባንኮክ በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። የሄደችው እናቷን ለማሳከም ነበር (ባንኮክ ሲባል ለብዙው አዲስ አበቤ መጀመሪያ የሚታየው ሆስፒታል አይደል?)። ሆስፒታሉ በር ላይ የፍራፍሬ ጋሪ አየችና ለእናቷ ዘይቱን ልትገዛ ጠጋ አለች። ሻጯ አረንጓዴውን ፍሬ አነሳችና ፈገግ ብላ «ፋራንግ!» አለቻት። ጓደኛችን ዘወር ብላ ከኋላዋ የቆመውን ፈረንጅ ፈለገች። ማንም የለም። ሻጯ ደገመችው፤ «ፋራንግ፣ ፋራንግ»። ለካስ ፈረንጁ ዘይቱኑ ኖሯል!

ይህንን በስልክ ስትነግረን ስቀን ስቀን ሲበቃን ማጣራት ጀመርን። ጋዜጠኝነት ተምረን ካላጣራን ምን እንሠራለን? ቃሉ እውነትም የእኛው «ፈረንጅ» ነው። ዐረቦችና ፋርሶች አውሮፓዊውን ሁሉ በፍራንኮች ስም ይጠሩት ነበር። ቃሉ በነጋዴ አፍ ተሳፍሮ በአንድ በኩል ወደ እኛ መጣ፣ በሌላ በኩል ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ እስከ ሲያም፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ታይላንድ ደረሰ። ዘይቱንም የመጣው ከአሜሪካ ምድር በአውሮፓውያን እጅ ስለሆነ ስሙን ከአምጪዎቹ ሳይወርስ አልቀረም።

ታይላንዶች ሕንዱን፣ ማላዩን፣ ፋርሱንና ዐረቡን ግን የሚጠሩበት ሌላ ቃል አላቸው፤ «ካኤክ»። ትርጉሙ እንግዳ ማለት ነው። አያት ቅድመ አያቱ እዚያው የተቀበሩለትም ያው እንግዳ ነው። እኛን ያስቆመን ይኸኛው ቃል ነው። በእኛ አገር እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። በአራተኛው ትውልድስ ምን ይሆናል? ግማሾቻችን ኤምባሲ በር ላይ በተሰለፍንበት፣ ግማሾቻችን ደግሞ «ሂደቱ ምን ደረሰ?» እየተባባልን በምንውልበት ጊዜ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። ታይላንዶች በቡድሃ ዘመን ሲቆጥሩ ፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድሙታል፤ እኛ በ7 ወይም በ8 እንከተለዋለን። ፈረንጁ ለሁለታችንም መሐል ሰፋሪ ነው።)

ለእያንዳንዱ ሰፈር፣ ለሰፈሩ አለቃ

ባንኮክ መዲና ከመሆኗ በፊት የሲያም መዲና አዩታያ ነበረች፤ ከ1351 እስከ 1767። ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት፣ በውኃ የተከበበች ከተማ ናት። ከባሕር ማዶ የመጣው ብዙው ሰው ከቅጥሩ ውጭ፣ ወንዙን ተከትሎ በየሰፈሩ ይሰፍር ነበር። ፖርቱጋሎች በምዕራቡ ዳርቻ፣ ጃፓኖች በምሥራቁ፣ ሆላንዶች ከጃፓኖቹ ጎረቤት። ንጉሡ መሬት ይሰጣል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ መሥራት አይከለከልም። በአንጻሩ እያንዳንዱ ሰፈር አለቃ አለው፤ ከሰፈሩ ሰው ያጠፋ ቢኖር ተጠያቂው አለቃው ነው።

ይህ አሠራር ሲተገበር ምን እንደሚመስል ሆላንዶች በታኅሣሥ 1636 ተምረውታል። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኞች በጀልባ ሽርሽር ይወጣሉ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ በተለይ ይጠጣሉ። ቤተ መቅደስ አጠገብ ረብሻ ያነሳሉ። ተያዙ፤ በዝሆን ተረግጠው ይሙቱ ተባለ። የኩባንያው የአዩታያ አለቃ ዬሬሚያስ ፋን ፍሊት ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ስጦታ አቅርቦ፣ ከእንግዲህ ለሰዎቹ ጠባይ ዋስ ነኝ ብሎ ነው ያስፈታቸው። ታሪኩን ራሱ ጽፎት ዛሬም ይነበባል። በባሕሩ ላይ ማንም የማይደፍረው ኩባንያ ወንዙ ዳር ሲደርስ እንደ ማንኛውም እንግዳ አንገቱን ደፋ።

የዚሁ ሰውዬ የቤት ጉዳይ ደግሞ ከዝሆኑ ይልቅ ቆየብን። ፋን ፍሊት በአዩታያ ከኦሱት ጋር ይኖር ነበር። ኦሱት የሞን ብሔር ተወላጅ ነጋዴ ናት። የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ታውቃለች፣ ገበያውን ታውቃለች፤ ሆላንዶች ያለ እሷ ብዙም የማይራመዱባት ሴት ነበረች። ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1640ዎቹ መጀመሪያ የእሱ ጊዜ አልቆ ሲሄድ ልጆቹን ልውሰድ አለ። አይሆንም ተባለ። የውጭ ሰው ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም፤ እናትየውም አልሰጥም አለች። በ1658 እስክትሞት ድረስም አልሰጠችም። የመጣ ይሂድ፤ የተወለደው ግን የአገሩ ነው። የከተማዋ ሕግ ይኸው ነበር።

በአንጓ ላይ የታሰረ ግብር

በ1767 የበርማ ጦር አዩታያን አቃጠላት። አገሩን መልሶ ያሰባሰበው ንጉሥ ታክሲን ይባላል። አባቱ ከደቡብ ቻይና የመጣ ስደተኛ ነበር! ከእሱ ቀጥሎ የነገሠው ቀዳማዊ ራማ በ1782 መዲናውን ዛሬ ባንኮክ ወደምትባለው የወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ አዛወረ። ቤተ መንግሥቱ የሚሠራበት ቦታ ላይ ግን ቻይናውያን ሰፍረው ነበር። ተነሡ ተባሉና ትንሽ ዝቅ ብሎ ሳምፔንግ ሰፈሩ። (ለልማት መነሣት ዘንድሮ የተጀመረ የሚመስለው ካለ ይኸው።) የዛሬው የባንኮክ የቻይና ሰፈር አጀማመር ይህ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ቻይና በመርከብ የሚመጣው ሰው በዛ። ቦይ ይቆፍራል፣ ሩዝ ይፈጫል፣ ሸክም ይሸከማል፣ ሱቅ ይከፍታል። ያኔ ተራው የሲያም ሰው የጌታውና የአውራጃው ስም በእጁ አንጓ ላይ ተነቅሶበት ለመንግሥት ጉልበቱን ይገብር ነበር። ቻይናዊው ከዚህ ነፃ ነው፤ በጉልበት ፋንታ በየሦስት ዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። ለመክፈሉ ማስረጃ ደግሞ አንጓው ላይ ክር ይታሰርና ቋጠሮው በሰም ይታተማል። መንገድ ላይ ያስቆመው ሹም ሲኖር እጁን ያሳያል። እኛ ዘንድ ክር አንገት ላይ ሲታሰር ማተብ ነው፤ እነሱ ዘንድ አንጓ ላይ ሲታሰር ደረሰኝ ነበር። ጨምሮ መክፈል የቻለ ክሩ ይቀርለትና ወረቀት ይሰጠዋል። ሀብታምና ድኻ እንግዳ በእጁ ይለይ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ክሩ ማዋረጃም ማለፊያም ነበር። እጅህ ላይ ካለ የአገሬው ሰው የማያገኘውን ነፃነት አግኝተሃል፤ እንደፈለግህ ትንቀሳቀሳለህ፣ ትነግዳለህ። በዚያው ልክ ደግሞ ገና ከሩቅ «ይኼ የእኛ አይደለም» ትባላለህ።

ፈረንጁ መንገድ ሲጠይቅ

ፈረንጁ ግን ክር አላሰረም። እንዲያውም በ1855 ሲያም ከእንግሊዝ ጋር የባውሪንግን ውል ስትፈራረም ነገሩ ተገለበጠ። የእንግሊዝ ዜጋ ቢያጠፋ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ሆነ፤ ወደ አገር በሚያስገባው ሸቀጥ ላይ የሚከፍለው ቀረጥም 3 በመቶ ብቻ። ሌሎች መንግሥታትም ተከታትለው ያንኑ አስፈረሙ። ከሲንጋፖር የመጣ ቻይናዊ ሳይቀር የእንግሊዝ ወረቀት ካለው የሲያም ዳኛ አይነካውም። ሆኖም ሲያም አንዲት ክር አስቀርታለች። በከተማዋ ቅጥር ዙሪያ እስከ 4 ማይል ድረስ መሬት መግዛት የሚችለው 10 ዓመት የኖረ ወይም ልዩ ፈቃድ ያገኘ ብቻ ነበር።

ኑሮው ራሱ ግን ቀላል አልነበረም። ባንኮክ የውኃ ከተማ ናት፤ ሰዉ የሚሄደው በጀልባ፣ ገበያውም በጀልባ። በ1861 ፈረንጆቹ ለንጉሥ ሞንግኩት አቤት አሉ። በፈረስና በሠረገላ አየር መቀበል ለምደናል፣ እዚህ መንገድ ስለሌለ እየታመምን ነው የሚል ነበር አቤቱታው። ንጉሡም መንገድ አስጠረገላቸው፤ በ1864 አለቀ። «ቻሮን ክሩንግ» ይባላል፤ ፈረንጆቹ ዝም ብለው «አዲሱ መንገድ» አሉት። ዛሬም ሱቁ፣ አንጥረኛው፣ የኑድል ቤቱ ተጠጋግቶበት አለ። የባንኮክ የመጀመሪያው ዘመናዊ መንገድ የተወለደው ከእንግዶች ማጉረምረም ነው።

በዚያው መንገድ ላይ የፕሮቴስታንቶች መቃብር አለ፤ መሬቱን የሰጠው ያው ንጉሥ ነው፣ በ1853። እዚያ ካረፉት አንዱ የሙያ ቅድመ አያታችን ሊባል ይችላል፤ አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ዳን ቢች ብራድሊ። በ1835 ባንኮክ ገባ፣ በ1873 እዚያው ሞተ። የፈንጣጣ ክትባት አስተዋወቀ፤ በ1844 ደግሞ የሲያምን የመጀመሪያ ጋዜጣ አሳተመ። ጋዜጣው ተቋርጦ እንደገና በጀመረበት ጊዜ፣ በ1867፣ የፈረንሳይ ቆንስል በስም ማጥፋት ከሰሰው። የክሱ መነሻ ብራድሊ ቆንስሉ ንጉሡን «ትልቁን ሚኒስትር ሻርልኝ» ብሏል ብሎ መጻፉ ነበር። አሁን እዩት እንግዲህ! ጉዳዩ የሲያም ሚኒስትር፣ ከሳሹ ፈረንሳዊ፣ ተከሳሹ አሜሪካዊ፣ ችሎቱ የአሜሪካ ቆንስላ፣ ከተማው ባንኮክ፤ የሲያም ዳኛ የለም። ተፈረደበት፤ ጋዜጣውም ተዘጋ።

በሩ ሲጠብ

ሲያም ዳኝነቷን መልሳ የገዛችው በመሬት ጭምር ነው። በ1909 አራት የማላይ ግዛቶችን ለእንግሊዝ ለቀቀች፤ በለውጡ የእንግሊዝ ዜጎች ቀስ በቀስ ወደ ሲያም ፍርድ ቤት እንዲገቡ ተስማማች። የመጨረሻዎቹ የቆንስል መብቶች የቀሩት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የቻይናውያኑም ክር በዚያው ሰሞን ተፈታ። ከእንግዲህ እንደ አገሬው በየዓመቱ ግብር ክፈሉ ተባሉ። በሰኔ 1910 የባንኮክ ቻይናውያን ሱቃቸውን ዘግተው አደሙ፤ ሩዝ የሚሸጥ፣ ዕቃ የሚሸከም ጠፋ። ከተማዋ ማን እንደሚያበላት ያወቀችው ያን ሰሞን ሳይሆን አይቀርም። ዕውቀቱ ግን ፍቅር አላመጣም። በ1914 ንጉሡ ራሱ፣ ሳድሳዊ ራማ፣ ቻይናውያንን የምሥራቅ አይሁዶች እያለ የሚወቅስ ጽሑፍ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ተከታተለ። በ1927 የኢሚግሬሽን ሕግ፣ በ1936 የውጭ ዜጎች ምዝገባ፣ በ1954 የውጭ ዜጋ መሬት እንዳይገዛ የሚያግደው የመሬት ሕግ። በ1979 ደግሞ ለውጭ ዜጋ የተከለከሉ 39 የሥራ ዓይነቶች ዝርዝር ወጣ። ጸጉር መቁረጥ፣ ጃንጥላ መሥራት፣ የቡድሃን ምስል መቅረጽ፣ አስጎብኚነት… ዝርዝሩ በ2020 ቢለወጥም ጸጉር ቤትና አስጎብኚነት ዛሬም ዝግ ናቸው።

ዛሬም የሚሠራበት የኢሚግሬሽን ሕግ የዚያው የ1979 ነው (በእነሱ 2522)። በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ በየ90 ቀኑ «እዚህ አድራሻ አለሁ» ብሎ ያስታውቃል። ያከራየውም ሰው እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል። ቋሚ ነዋሪነት የሚፈልግ ካለ ኮታው ለአንድ አገር ዜጎች በዓመት 100 ሰው ነው።

ሁለተኛው ክር

ጓደኛችን እናቷ ድነው ሲመለሱ እሷ እዚያው ቀረች። አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ልጆች ታስተምራለች። የምትኖረው በአንዲት «ሶይ» ውስጥ ነው፤ ቅያስ እንደምንለው። ጠዋት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው የሞተር ታክሲ እስከ ዋናው መንገድ ያደርሳታል። ማታ ከጋሪ ሩዝ ትገዛለች። «ኑሮዬን የምቆጥረው በወር አይደለም፣ በ90 ነው» ትለናለች።

አከራይዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እሷ «ፓ» ትላቸዋለች፤ አክስቴ እንደ ማለት። እሳቸው «ሉክ» ይሏታል፤ ልጄ ማለት ነው። «ልጄ» የሚሏት እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት «ቤቴ የውጭ ሰው ገብቷል» ብለው ያሳወቁት። ሁለቱም ከልባቸው ነው። አንዱ አንዱን አያስቀረውም።

የእሳቸውም ቅድመ አያት ከቻይና በመርከብ የመጡ ናቸው። ክሩን አስረው ይሆን? አከራይዋ አያውቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። እኛ ግን ስንጽፍ የቆየነውን መለስ ብለን አየነው። የፈረንሳዩ ቆንስል ሊያስሽረው ሞክሯል የተባለው ያ ትልቅ ሚኒስትር፣ ሲ ሱሪያዎንግ፣ ከቡናግ ቤተሰብ ነው። ቡናጎች ደግሞ ዘራቸውን የሚቆጥሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፋርስ አዩታያ ከገባ ነጋዴ፣ ከ«ካኤክ» ነው። የእንግዳው ዘር አገር መራ፤ ከ1868 እስከ 1873 የንጉሥ ቹላሎንግኮርን እንደራሴ ሆነ። አገሩን ከአመድ ያነሣው ታክሲን የስደተኛ ልጅ ነው። ባንኮክ እንግዳን ስትቆጥር ኖራለች፤ ቆጥራ ስትጨርስ የቆጠረችው ራሷን ሆኖ አገኘነው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በአዲስ ዓመታቸው በሶንግክራን፣ አከራይዋ ጓደኛችንን ቤተ መቅደስ ወሰዷት። የተባረከ ነጭ ክር ነበር። መነኩሴ ሴት ስለማይነካ አከራይዋ ራሳቸው ተቀብለው አንጓዋ ላይ አሰሩላት፤ ነፍስሽ ካንቺ አትራቅ፣ ደህና ሁኚ ዓይነት ምርቃት ነው። ፎቶውን ላከችልን። አንጓዋ ላይ ክሩ፣ በዚያው እጅ የያዘችው ደግሞ የ90 ቀኗን ወረቀት።

የትኛው ክር ቀድሞ እንደሚፈታ አልጠየቅናትም።