የሴቶች አእምሮና የባለሙያው ሚዛን

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ፣ የወር አበባ የሴትን የማሰብና የመሥራት ችሎታ በየወሩ ያዳክማል የሚለው አመለካከት በብዙ ሐኪሞች ዘንድ እንደተረጋገጠ ሐቅ ይቆጠር ነበር። አሜሪካዊቷ ሊታ ሆሊንግዎርዝ ግን በልኬት ሊፈትኑት ተነሡ። እኒህ ሴት አስቀድሞ መምህርት ነበሩ፤ ኒው ዮርክ ሲገቡ ባለትዳር በመሆናቸው ብቻ ማስተማር ተከለከሉ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የ23 ሴቶችንና፣ ለማነጻጸሪያ፣ የ2 ወንዶችን የእጅ ጽናትና የአእምሮ ቅልጥፍና ደጋግመው ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1914 የታተመው ውጤት በወር አበባ ቀናት የተለየ መዳከም አላሳየም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ማነሱ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ተቃራኒው አመለካከት በአመዛኙ የቆመው በግምት ላይ ነበር።

ፌሚኒስት ሥነ ልቦና የተባለው የጥናት ዘርፍ የተጠናከረው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ1973 የሴቶች ሥነ ልቦና ክፍል አቋቁሟል። የጤና ባለሙያን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ኢንጌ ብሮቨርማንና ባልደረቦቻቸው በ1970 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከ79 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ከፊሎቹ ጤናማ ወንድን፣ ከፊሎቹ ጤናማ ሴትን፣ የቀሩት ጾታው ያልተጠቀሰ ጤናማ አዋቂን እንዲገልጹ ተጠየቁ። የአዋቂውና የወንዱ መግለጫ ተመሳሰለ፤ «ጤናማ ሴት» ግን ይበልጥ ታዛዥ፣ በሰው ሐሳብ በቀላሉ የምትመራና ራስዋን ያልቻለች ሆና ተሣለች። እንግዲህ ራስዋን የቻለች ታካሚ እንደ ሴት፣ ያልቻለችው ደግሞ እንደ አዋቂ ሰው ጉድለት ይገኝባታል ማለት ነው። ሴት ባለሙያዎች የሰጡት ፍርድም ከወንዶቹ አልተለየም።