ከቦርዱ በፊት ቦታው፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ በመጀመሪያ ተከላ ላይ ሲያስቸግር

ደሴና ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት በላይና በታች የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ልዩነት ለመንገደኛው የብርድና የሙቀት ጉዳይ ነው፤ ለሲኤንሲ ማሽን ግን የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። አዲስ ማሽን ተተክሎ መቆጣጠሪያው አልታዘዝ ሲል በወርክሾፑ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ቦርዱ ሄዷል» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ፍርድ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት የሚል ነው። አስቀድሞ መመርመር ያለበት ማሽኑ የቆመበት ቦታ ነው፤ መብራቱ፣ የመሬት መስመሩ፣ ከፍታው፣ ከዚያም በመቆጣጠሪያው ውስጥ የተሞሉት ቁጥሮች።

በእንጨትና በማስታወቂያ ሥራ የምናያቸው የቻይና ሲኤንሲ ራውተሮች ብዙዎቹ የሚመረቱት በሻንዶንግ ግዛት፣ በጂናን ከተማና በአካባቢዋ ነው። ጂናን ያለችው ለባሕር ጠለል በቀረበ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ማሽኑ እዚያ ተፈትሾ ያለፈ ቢሆንም ፈተናው የተሰጠው በሌላ አየር ነው። የማሽኖች ኤሌክትሪክ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 60204-1 ዕቃው በትክክል እንዲሠራ የሚጠይቀው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ሁለቱም ከተሞቻችን ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው።

ከፍታ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል። የደሴ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኮምቦልቻው 80 በመቶ ገደማ። መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር (ስፒንድል) የሚመራውን ኢንቨርተር የሚሠሩ አምራቾች በብዛት የሚሰጡት ስሌት ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ የኃይል ቅነሳ ነው። በዚህ ስሌት ደሴ ላይ 15 በመቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ 8.5 በመቶ ይቀነሳል። የደሴ ብርድ ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል፤ ኮምቦልቻ ግን ያ እርዳታ የላትም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የሳሳ አየር በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ የመከልከል ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህም አይኢሲ 60664-1 የተባለው ሌላ ደረጃ የሚያዘው የክፍተት መጠን የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ክፍተቱ መስፋት አለበት፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። እንግዲህ ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትሩ ወሰን በታች፣ ደሴ ከወሰኑ በላይ ናት። አንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሐረጎን ሲወጣ ከነበረው የደኅንነት ኅዳግ ትንሽ ያጣል ማለት ነው። ይህ ብቻውን በመጀመሪያው ቀን ቦርድ አያቃጥልም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ጋር ሲገናኝ ግን ያ የጠፋው ኅዳግ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከመብራት ጋር ከመገናኘቱ በፊት መልቲሜትሩ ይውጣ። አይኢሲ 60204-1 ከስሙ ቮልቴጅ 90 እስከ 110 በመቶ ይፈቅዳል፤ 220 ሲሆን ከ198 እስከ 242፣ 380 ሲሆን ከ342 እስከ 418 ቮልት። ልኬቱ ማሽን በማይሠራበት ሰዓት ብቻ ከተወሰደ ዋጋ የለውም። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ላይ እያለ፣ ቶርኖውና ፍሬዛው እየዞሩ ይለካ። በኒውትራልና በመሬት መስመር መካከል ያለው ቮልቴጅም አብሮ ይታይ፤ ጭነት ሲጨምር ይህ ቁጥር እየወጣ ከሄደ ኒውትራሉ የላላ ሊሆን ይችላል። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ጨርሶ ሲቆረጥ 220 ይደርሰው የነበረው ዕቃ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ የአምራቹ ጥፋት አይደለም። ማሽኑ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የመጣበትን መንገድም ማስታወስ ያሻል፤ ካቢኔቱ ተከፍቶ እያንዳንዱ ሶኬትና ብሎን በእጅ ይፈተሽ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደናግረውን ችግር ቀረብ ብለን እንየው። ማሽኑ ስፒንድሉ እስካልተነሳ ድረስ በሁሉም አቅጣጫ በሰላም ይሄዳል። ስፒንድሉ ፍጥነት በያዘ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሊሚት ማስጠንቀቂያ ይወጣና ሁሉም ነገር ይቆማል። ሊሚት ስዊቹን የነካው ግን የለም። እዚህ ላይ የሚከፈተው ገጽ የኢንፑት ሁኔታ የሚታይበት ነው። ዘንጎቹ ቆመው ስፒንድሉ ብቻ ሲዞር የኤክስ ሊሚት ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኃይል ይጥፋና የስዊቹ ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ተርሚናል ይነቀል። ስዊቹ በተለምዶ ዝግ የሆነ ዓይነት ከሆነ ተርሚናሉ ላይ በአጭር ሽቦ ይገናኝ። እንደገና ሲነሳ ብልጭታው ከጠፋ ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን ጫጫታ እንደ አንቴና የሚለቅመው ረጅሙ ሽቦ ነበር። መድኃኒቱ የስፒንድሉን ኬብል ከሲግናል ኬብሎች መለየት፣ የተሸፈነ ኬብል መጠቀም፣ መከለያውን በመቆጣጠሪያው በኩል ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። ሊሚቱን በፓራሜትር አጥፍቶ ሥራ መቀጠል ግን የሰውን ጣት ለአደጋ ማቅረብ ነው፤ ይህን በፍጹም አልቀበልም። የአደጋ ማቆሚያ ቁልፉም ዘንግ ከመንቀሳቀሱ በፊት መሞከር አለበት።

የቁጥር ስሕተትም ቦርድ ያስከስሳል። በዙር 200 እርምጃ ያለው ስቴፐር ሞተር ድራይቨሩ በ8 ከፍሎለት 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ብሎን ቢያዞር በሚሊ ሜትር 320 ፐልስ ይፈልጋል። የድራይቨሩ ትንንሽ ማብሪያዎች በ16 ላይ ከቀሩ 100 ሚሊ ሜትር የታዘዘው ዘንግ 50 ላይ ይቆማል። የኢንቨርተሩ ስሕተት ከዚህ ይከፋል። በ400 ኸርዝ 24,000 ዙር የሚዞር የ220 ቮልት ስፒንድል በ50 ኸርዝ ሲዞር የሚገባው 27.5 ቮልት ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ ለተራ የ50 ኸርዝ ሞተር እንደተሞላ ከተነሳ ግን 220ውን በሙሉ ይለቅበታል። ስፒንድሉ በደቂቃዎች ሊቃጠል ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ፋብሪካዎችና የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። እንዲህ ባለ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ማሽን ዳግም ሲነሳ ከአዲስ ተከላ የማይለይበት ምክንያት ባትሪ ነው። በፋኑክ መቆጣጠሪያዎች ፓራሜትሩን የሚጠብቀው ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሲሆን ፍጹም ኢንኮደሩ የራሱ ባትሪ አለው። የኢንኮደሩ ሲያልቅ ማሽኑ መነሻ ነጥቡን ይረሳና 300 ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ባትሪ መቀየርና መነሻውን በፓራሜትር 1815 እንደገና ማስያዝ ነው። የማስታወሻው ባትሪ ካለቀ ግን የፓራሜትር ቅጂ ከሌለ መዳኛው ሩቅ ነው። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአካባቢውን ማሽኖች ፓራሜትር ቅጂ በጋራ ቢያስቀምጡ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ጥርጣሬው ቦርዱ ላይ ከቀረ የማቀያየር ሙከራ ይቀራል። ኃይል ጠፍቶ ኮንደንሰሮቹ የያዙትን ኃይል እስኪያራግፉ ከተጠበቀ በኋላ የኤክስና የዜድ ሲግናል ኬብሎች መቆጣጠሪያው ላይ ይለዋወጡ። ዋይ በብዙ ራውተሮች ሁለት ሞተር ስላለው ለዚህ አይመረጥም። ከዚያ ዘንጉ በአንድ አንድ ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ። ያስቸገረው ኤክስ ከሆነ፣ የኤክስ ትዕዛዝ አሁን የዜድ ሞተርንም ካላነቃነቀ የመቆጣጠሪያው የኤክስ መውጫ ተበላሽቷል፤ የኤክስ ሞተር በዜድ ትዕዛዝም ካልሠራ ጥፋቱ ከድራይቨሩ፣ ከኬብሉ ወይም ከሞተሩ ነው። ለአቅራቢው የሚላከው የዋስትና ጥያቄ የዚህን ሙከራ ውጤት፣ ያለ ጭነትና ከጭነት ጋር የተለካውን ቮልቴጅ፣ የኒውትራልና የመሬት መስመሩን ልኬት፣ የኢንፑት ገጹን ፎቶና ማሽኑ የቆመበትን ከፍታ በሜትር ይያዝ።