የማኅበራችን መዝገብ በማን እጅ ነው? ስለ ድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሥርዓት አመራረጥና አያያዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅታችን ስልክ ደወለችልኝ። አባቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። «አባባ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ የጻፏቸውን ጽሑፎች ላክልኝ፤ በትንሽ መጽሐፍ አሳትሜ ለአርባቸው ለሚመጣው ሰው ልሰጥ ነው» አለችኝ። አባቷን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በአገር ቤት ስላስተማሩባቸው ዓመታት ከ2006 እስከ 2008 ድረስ አሥራ አራት ተከታታይ ጽሑፎች ጽፈውልናል። የድረ ገጹ ኃላፊ እኔ ነበርኩና «ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ» አልኳት።

ማታ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ስፈልግ ቀኑ አለ፤ ፎቶግራፋቸውም አለ። ከፎቶው ሥር ግን ከላይ እስከ ታች የተደረደረው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ከፈትኩ። አሥራ አራቱም እንደዚያው ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በየአገሩ ማኅበር፣ ዕድር፣ ቤተ እምነት ወይም የልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ወገኖቼ የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ ብዬ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያ ያልሆነ ሰውም እንዲከታተለው ለማድረግ ሞክሬአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥርዓቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ዓመታት እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው በእጅ የሚጻፍ ፋይል ነበር። ሁለት መቶ ገጽ ያለው ሰው ከላይ ያለውን አርማ ለመለወጥ ሁለት መቶውንም ፋይል መክፈት ነበረበት። የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሲኤምኤስ፣ ይህን ድካም ያስቀረ ሶፍትዌር ነው። ጽሑፉንና መልኩን ለያይቶ ያስቀምጣል። ጽሑፉ በዳታቤዝ ውስጥ ይከማቻል፤ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ሥርዓቱ ጽሑፉን ከመልኩ ጋር አገናኝቶ ያቀርብለታል። ከጸሐፊው የሚጠበቀው በይለፍ ቃሉ መግባት፣ መጻፍና እንዲወጣ ማዘዝ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ይህ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ጽሑፋችን የሚኖረው ከዓይናችን በራቀ ሣጥን ውስጥ ነውና፣ ሣጥኑ ሲበላሽ ቶሎ አናውቅም።

የጥያቄ ምልክቱ ከየት መጣ?

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች አግኝቶ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የሰፈረው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላችንን በየራሱ መንገድ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይደርበው ነበር። ያንን ፎንት ያልጫነ ሰው የሚያየው ዝብርቅርቅ ነበር። ብዙዎቻችን ጽሑፋችንን በፒዲኤፍ ወይም በሥዕል መልክ እናወጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ዳታቤዞቹ ወዲያው አልተከተሉም። ብዙ ሥርዓቶች የሚጠቀሙበት ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ፣ በ2018 እትም 8.0 እስኪወጣ ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ጽሑፍ የሚመዘግበው ላቲን-1 በተባለ፣ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በሚይዝ ሠንጠረዥ ነበር። እኔ በ2011 ድረ ገጹን ከአንድ የሰርቨር አከራይ ወደ ሌላ ሳዛውር ይህን ትእዛዝ ሳልሰጥ ቀረሁ። ሠንጠረዡ የማያውቀውን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተካው። ቆይቼ ስሕተቱን ለአዲሶቹ ጽሑፎች አስተካከልኩ፤ የድሮዎቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። የያዝነው መጠባበቂያ ቅጂም የአንድ ወር ብቻ ስለነበር፣ ትክክለኛው ጽሑፍ በተበላሸው ከተተካ ቆይቷል።

ከዚህ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአማርኛው ፋንታ እንግዳ የላቲን ፊደላት ከታዩ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፤ በተሳሳተ ሠንጠረዥ እየተነበበ ስለሆነ ባለሙያ ሊመልሰው ይችላል። በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ የለም፤ ከሌላ ቅጂ ካልተገኘ አይመለስም።

ከመምረጥ በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ሥርዓት የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው መልኩን ነው። መልክ ግን በአንድ ቀን ይለወጣል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው።

አንደኛ፦ ሲበቃኝ ጽሑፌን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ጂኦሲቲስ የተባለው የነጻ ድረ ገጽ መንደር በ1994 ተመሥርቶ፣ በ1999 በያሁ ተገዝቶ፣ በ2009 በአሜሪካ ተዘግቷል። ባለቤቶቻቸው ያላወጧቸው ብዙ ገጾች አብረው ጠፍተዋል። ስለዚህ ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ፋይል የማያወጣልንን ሥርዓት፣ የቱን ያህል ቢያምር፣ አለመግባት ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል? በስደት ማኅበር ውስጥ ሥራው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የዶሜን ስሙ በእሱ ስም ይመዘገባል፤ ኪራዩ በእሱ ክሬዲት ካርድ ይከፈላል። እሱ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ሲታመም ወይም ከኮሚቴው ጋር ሲኳረፍ ድረ ገጹም አብሮ ይሄዳል። ዶሜኑ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ ቁልፉንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥርዓት ከመምረጥ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ተራ ሥርዓት መምረጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ድሩፓል 7 በጥር 2011 ወጥቶ በጥር 2025 ድጋፉ አብቅቷል። በእሱ የሠራ ሁሉ ወደ አዲሱ ለመሻገር ገንዘብና ጉልበት ማዋጣት ነበረበት። ሶፍትዌር እንደ ቤት ጣሪያ ነው፤ የሚታደስበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የታወቁት ሥርዓቶች

ዎርድፕረስ በ2003 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው። ለመማር ይቀላል፤ የሚያውቀው ሰውም በየከተማው አይጠፋም። ድካሙ፣ አማርኛንና የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ ጎን ለጎን ለማውጣት ተጨማሪ ፕለጊን የሚፈልግ መሆኑ ነው። ፕለጊን ሲበዛ ደግሞ ለሌባ የሚከፈተው በር ይበዛል።

ጁምላ በ2005 ማምቦ ከተባለው ሥርዓት ተገንጥሎ ወጣ። ስሙ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን «ሁሉም በአንድነት» ማለት ነው፤ የእኛው «ጅምላ» ዘመድ ነው። ብዙ ቋንቋ ማስተናገድን በውስጡ ይዟል። አስተዳደሩ ግን ለጀማሪ ትንሽ ያደናግራል።

ድሩፓልን የጀመረው ቤልጂጋዊው ድሪስ ቦይታርት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ2001 ወጥቷል። ብዙ ዓይነት መዝገብ ላለው ትልቅ ድርጅት የሚመች፣ ከ2015ቱ እትም 8 ወዲህ በብዙ ቋንቋ ረገድ የጠነከረ ነው። ነገር ግን ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያም ደመወዝ ይፈልጋል።

ሦስቱም በነጻ የሚገኙና ውስጣቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ናቸው። የሚከፈለው ለሰርቨሩና ለዶሜኑ ነው። በወር አንድ ሁለት ጽሑፍ ብቻ ለሚያወጣ ማኅበር አራተኛ መንገድም አለ። ጄኪልና ሁጎ የተባሉት መሣሪያዎች ያለ ዳታቤዝ፣ ጽሑፉን እንደ ተራ ፋይል ይዘው ገጹን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ፈጣን ናቸው፤ ለመስበርም ያስቸግራሉ። ሆኖም ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው ገብተው እንዲጽፉባቸው አይመቹም።

እኔ ለአንድ መካከለኛ ማኅበር የምመክረው ዎርድፕረስን ነው። ምክንያቴ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። እኔ ነገ ብሞት የሚተካኝ ሰው በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

የተመረጠውን ማሻሻል

መጀመሪያ ዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8፣ በተለይም ባለ አራት ባይቱ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። የተለመዱት የአማርኛ ፊደሎች ሦስት ባይት ይበቃቸዋል፤ ዛሬ ከስልክ የሚላኩት የፊት ምስሎች ግን አራት ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የጽሑፎቹን አድራሻ ይመልከቱ። ዎርድፕረስ አድራሻውን ከርእሱ ወስዶ ራሱ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ አድራሻ ሲለወጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ ለአድራሻው የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሃያ ሁለት ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ርእስ ይቆረጣል። በአንድ ዓይነት ሐረግ የሚጀምሩ ረጃጅም ርእሶች ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው በቁጥር ብቻ ይለያሉ። አጭር አድራሻ በእጅ መጻፍ መፍትሔው ነው።

ፍለጋው ሌላው የእኛ ችግር ነው። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ማይኤስኪውኤል ለሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ በአሮጌው የሠንጠረዥ ዓይነት ከአራት ፊደል ያነሰ ቃል፣ በአዲሱ ከሦስት ያነሰ ቃል፣ ካልታዘዘ አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ሰላም» ሦስት፣ «ቤት» ሁለት ፊደል ነው። ወሰኑን ዝቅ ያስደርጉ። በተጨማሪም የጸሐፊውን አጻጻፍ ሳይነኩ፣ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የለወጠ ስውር ቅጂ ለፍለጋ ብቻ እንዲቀመጥ ባለሙያዎን ይጠይቁ። የፈላጊውም ቃል በዚያው መልክ ይለወጥ።

ትንሽ የምትመስል ነገርም ልጨምር። ዎርድፕረስ የጽሑፉን መግቢያ ራሱ ሲቆርጥ የመጀመሪያዎቹን 55 ቃላት የሚቆጥረው በባዶ ቦታ ነው። እንደ ጥንቱ በሁለት ነጥብ ብቻ ቃል የሚለይ ጸሐፊ ካለ ሙሉው አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። መግቢያውን በእጅ ይጻፉ።

ለደኅንነት ደግሞ ማደስን አይዘግዩ። በጥቅምት 2014 በድሩፓል 7 ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። የሥርዓቱ የደኅንነት ቡድን ማስታወቂያው በወጣ በሰባት ሰዓት ውስጥ ያላደሰ ሰው ሁሉ ድረ ገጹ እንደተደፈረ እንዲቆጥር ነግሯል። ሥልጣንንም ያከፋፍሉ፤ ሁሉም ሰው የአስተዳዳሪ ቁልፍ አያስፈልገውም። ዎርድፕረስ ጽፎ ለአራሚ የሚያቀርብ፣ ራሱ ግን የማያወጣ የጸሐፊ ደረጃ አለው።

በመጨረሻም የአንድ ቀን ፈተና ያድርጉ። በዓመት አንድ ጊዜ መጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይጫኑና ከሁሉ አሮጌ የሆነውን ጽሑፍ ከፍተው ያንብቡ። ተከፍቶ ያልተነበበ ቅጂ፣ ቅጂ መሆኑ አይታወቅም። እኔ ይህን በ2012 አድርጌው ቢሆን ኖሮ የጋሼን ጽሑፎች ከራሳቸው እጅ መልሼ መቀበል እችል ነበር።

የጋሼ ነገር እንዲህ አለቀ። ሰባቱን ጽሑፎች የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ አገኘኋቸው። አምስቱን ልጃቸው ከሣጥናቸው አትመው ካስቀመጡት ወረቀት ላይ አወጣች፤ እኔም ሌሊት ሌሊት መልሼ ጻፍኳቸው። መጽሐፉ ለአርባቸው ደረሰ። ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። አንደኛው ስለ መጀመሪያ ተማሪዎቻቸው የሚናገረው ነበር። እኅታችን አልተቆጣችኝም፤ «ያው አሥራ ሁለቱ ይበቃሉ» አለች። እኔ ግን ማውጫው ላይ የጎደሉትን ሁለት ቁጥሮች ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ የማኅበራችሁን ድረ ገጽ ክፈቱና የመጀመሪያውን ጽሑፍ ፈልጉ። ከተነበበ ቅጂ ውሰዱለት። ካልተነበበም የጻፈው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁት።

ቸር ይግጠመን።